ከስሙ በፊት ሒሳቡ፦ ለልጅዎ መተማመኛ ኮሌጅ ሲመርጡ

እኛ በተማርንበት ዘመን የዩኒቨርሲቲ ጉዳይ የወላጅ ራስ ምታት አልነበረም። ተማሪው ማትሪክ ይፈተናል፣ ውጤቱን ይጠብቃል፣ ነጥብ ከመጣለት ይመደባል። የወላጅ ድርሻ ስንቅ ማዘጋጀት፣ ብርድ ልብስ መግዛትና መርቆ መሸኘት ነበር። ምግቡንና መኝታውን መንግሥት ይችለዋል። በኋላ ወጪ መጋራት ሲመጣም ክፍያው የሚጠየቀው ልጁ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። ስለዚህ ዘመድ ሁሉ "የት ደረሰው?" ብሎ ይጠይቃል እንጂ "ስንት ነው?" የሚል አልነበረም።

አሜሪካ ልጅ የምናሳድግ ወላጆች የገጠመን ሌላ ዓለም ነው። መዳቢ የለም። ልጁ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲገባ ራሱ ስምንት፣ አሥር ኮሌጅ መርጦ ያመለክታል። እያንዳንዱ ኮሌጅ የራሱ መመዘኛና የራሱ ዋጋ አለው፤ ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ ዋጋው ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የተለያየ መሆኑ ነው። ልጆቹ ዝርዝራቸውን ለሦስት ይከፍሉታል። ለመግባት የሚከብደውን "ሪች"፣ ከውጤታቸው ጋር የሚመጣጠነውን "ማች"፣ እንደሚቀበላቸው የማይጠራጠሩትን ደግሞ "ሴፍቲ" ይሉታል። እኔ ይህን የመጨረሻውን መተማመኛ እለዋለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ እሱ ነው፤ ሁሉም ስለ ሪቹ ሲያወራ መተማመኛውን በቅጡ የሚያስብበት ሰው ጥቂት ነውና።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሆስፒታል ውስጥ የነርስ ረዳት ነኝ፤ ባለቤቴ ታክሲ ይነዳል። ትልቋ ልጃችን አሁን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት፤ ወንዱ ደግሞ በመጪው ዓመት ያመለክታል። የእሷን ጊዜ ካለፍን ወዲህ ጎረቤቱም የቤተ ክርስቲያን ሰውም ቅጽ ለማስሞላት ይጠራኛል። ባለሙያ አይደለሁም፤ ወረቀት ማንበብ ስለማይታክተኝ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቡናው እየተፈላ ላፕቶፕ የምንከፍትባቸው ቤቶች በዝተዋል። በእነዚህ ቤቶች በየዓመቱ የማየው አንድ ነው፦ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ወሬው ሁሉ ስለ መግባት ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ደግሞ ለቅሶው ሁሉ ስለ መክፈል ነው።

ድስት በሁለት ጉልቻ አይጣድም

አንድ ኮሌጅ መተማመኛ የሚባለው ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው። አንደኛ፣ ልጁን እንደሚቀበለው መተማመን አለብን። ሁለተኛ፣ ቤተሰቡ ዕዳ ውስጥ ሳይዘፈቅ እንደሚከፍለው መተማመን አለብን። ሦስተኛ፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር ልጁ እዚያ ለመማር ፈቃደኛ መሆን አለበት። ሦስቱ ጉልቻዎች እነዚህ ናቸው። ብዙ ሰው አንደኛውን ብቻ አይቶ "ሴፍቲ አለው" ይላል።

አንደኛውንም ቢሆን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል። ኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሰፈራችን ስለሆነና በመንገዳችን ስለምናየው ብዙ ወላጅ እንደ መተማመኛ ይቆጥረዋል። ነገር ግን በቅርብ ዓመታት ከሚያመለክቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን አይቀበልም። እንደ ኮምፒውተር ሳይንስ ባሉት ትምህርቶች ደግሞ ፉክክሩ ይብሳል። የነርስነት ትምህርትም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ቦታ ዩኒቨርሲቲው ተቀብሎት የነርሲንግ ክፍሉ በኋላ ሊከለክለው ይችላል። ስለዚህ "ይቀበለዋል ወይ?" ብቻ ሳይሆን "የሚፈልገውን ትምህርት እዚያ ያገኛል ወይ?" ብለው ይጠይቁ።

ሁለተኛው የገንዘቡ ነው። ለመግባት ቀላል ሆኖ በዓመት 60 ሺህ ዶላር የሚጠይቅ የግል ኮሌጅ ሞልቷል። የሚቀበል ግን የማይከፈል ኮሌጅ ዝርዝሩ ላይ ቦታ ከመያዝ በቀር ሚያዝያ ላይ ለማንም አይጠቅምም።

ሦስተኛውን ወላጆች እንንቀዋለን። ልጁ እንደ ቅጣት የሚያየው ቦታ ሲደርስበት ይከፋል፣ አንዳንዱም በዓመቱ ትቶ ይመጣል። መተማመኛውን ኮሌጅ እንደ ሌሎቹ ሄዶ ይጎብኘው፤ የሚወደው ትምህርት ክፍል ምን እንደሚመስል ይይ፤ ከሚማሩት ልጆች ጋር ይነጋገር። ከሦስትና ከአራት ኮሌጆች መካከል ቢያንስ አንዱን ይወደዋል።

የተለጠፈው ዋጋና የእርስዎ ዋጋ

የአሜሪካ ኮሌጅ ዋጋ መርካቶ ላይ እንደሚጠራ የመጀመሪያ ዋጋ ነው። የተለጠፈው አንድ ነው፤ የሚከፈለው ሌላ። የሚያሳስበን የሚከፈለው ነው፤ ይኸውም ከተለጠፈው ላይ የማይመለሰው ድጋፍ፣ ማለትም ግራንትና ስኮላርሺፕ፣ ሲቀነስ የሚቀረው ነው።

ይህን ለማወቅ ደብዳቤ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ የፌዴራል ሕግ ኮሌጆች ሁሉ በድረ ገጻቸው ላይ የተጣራ ዋጋ ማስያ እንዲያስቀምጡ ያስገድዳል። ገቢዎን፣ የቤተሰብ ቁጥርዎን፣ ቁጠባዎን ይሞሉና ግምቱን ይነግርዎታል። ነጻ ነው፤ ለአንድ ኮሌጅ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው። የታክሲና የኡበር ሾፌሮች፣ ሱቅ ያላቸው፣ የተፋቱ ወላጆች ግን ግምቱ ሊስትባቸው ስለሚችል የኮሌጁን የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ደውሎ መጠየቅ ይሻላቸዋል። ልጅዎ ዝርዝሩን ከመጨረሱ በፊት ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ይህን ቁጥር ጎኑ ላይ ይጻፍለት።

ቁጥሩ አንዳንዴ ያስገርማል። በጣም ውድ ተብሎ የተለጠፈው ለድሃና ለመካከለኛ ቤተሰብ በጣም ርካሽ ሆኖ ይገኛል። ሃርቫርድ ከ2025–26 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ዓመታዊ ገቢያቸው 100 ሺህ ዶላርና ከዚያ በታች ለሆነ ቤተሰቦች ምግብና መኝታውንም ጨምሮ ሁሉን እንደሚሸፍን፣ እስከ 200 ሺህ ላሉት ደግሞ የትምህርት ክፍያ እንደማይጠይቅ አስታውቋል። ኤምአይቲም ከ200 ሺህ በታች ላሉት የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም። ስለዚህ ጎበዝ ልጅ "አንችለውም" ብለን አንከልክለው፤ ያመልክት። ግን እነዚህ ከመቶ አመልካች አምስቱን እንኳ የማይቀበሉ ናቸውና መተማመኛ ሊሆኑ አይችሉም። በተቃራኒው፣ መሐል ላይ ያሉና ብዙም ሀብት የሌላቸው የግል ኮሌጆች ልጁን በደስታ ተቀብለው ሒሳቡን ለወላጅ ይተዉታል።

የፌዴራሉ ድጋፍ መግቢያ በር ፋፍሳ የሚባለው ቅጽ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው ፔል ግራንት በ2025–26 ቢበዛ 7,395 ዶላር ነው፤ አይመለስም። ቅጹን መሙላት የሚችሉት ዜጎች፣ የመኖሪያ ፈቃድ ያላቸው፣ ስደተኝነታቸው ወይም ጥገኝነታቸው የጸደቀላቸውና የመሳሰሉት ናቸው። የጥገኝነት ጥያቄ አቅርበው መልስ የሚጠባበቁ የፌዴራሉን ድጋፍ አያገኙም። እዚህ ሜሪላንድ ግን በ2012 በሕዝብ ድምፅ የጸደቀ ሕግ ስላለ፣ እዚሁ ሁለተኛ ደረጃ የተማረና ሌሎቹን ቅድመ ሁኔታዎች ያሟላ ልጅ ወረቀቱ ባይሟላም እንደ ግዛቱ ነዋሪ መክፈል ይችላል። ወላጁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖረውም ልጁ ብቁ ከሆነ ቅጹ ይሞላል፤ "የእኔ ወረቀት ስላላለቀ ልጄም አይችልም" ብለው የቀሩ ወላጆች ስላጋጠሙኝ ነው ይህን ማንሳቴ።

ደብዳቤው ሲመጣ

ልጃችን ዘጠኝ ቦታ አመልክታ ከመካከላቸው አንዱ በሌላ ግዛት የሚገኝ ስመ ጥር የግል ዩኒቨርሲቲ ነበር። ተቀበላት። ቤቱ በእልልታ ተሞላ፤ አዲስ አበባ ያሉት ሁሉ ደወሉ። ከሳምንት በኋላ የገንዘብ ድጋፉ ደብዳቤ መጣ። ላዩ ላይ በትልቁ "እንኳን ደስ ያለሽ" ይልና ድምሩን 39,500 ዶላር ብሎ ያስቀምጣል።

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ተቀመጥን። የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 82 ሺህ ዶላር ነው። ከ39,500ው ውስጥ ግራንቱ 31 ሺህ ብቻ ነው። 5,500ው በልጄ ስም የሚወሰድ ብድር ነው። 3,000ው ደግሞ ወርክ ስተዲ የሚባለው ነው፤ ማንም አይሰጣትም፣ ቤተ መጻሕፍት ወይም ካፍቴሪያ በሰዓት ሠርታ የምታገኘው ነው። ይህን ሁሉ ብናስብላት እንኳ የሚቀረው 42,500 ዶላር ነው። ዋጋው በየዓመቱ ባይጨምር፣ በአራት ዓመት 170 ሺህ ዶላር። ለዚህ የቀረበልን መንገድ ፓረንት ፕላስ የሚባለው በወላጅ ስም የሚወሰድ የመንግሥት ብድር ነበር።

በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለዚህ ነው። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የአሜሪካ ኮንግረስ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 ባወጣው ጥናት፣ ከመቶ 91 የሚሆኑ ኮሌጆች በድጋፍ ደብዳቤያቸው ላይ ቤተሰቡ በትክክል የሚከፍለውን የተጣራ ዋጋ እንደማይገልጹ ወይም አሳንሰው እንደሚያሳዩ ደርሶበታል። ስለዚህ ደብዳቤ ሲመጣ ግራንትና ስኮላርሺፑን በአንድ ወገን፣ ብድርና ሥራውን በሌላ ወገን ለይተው ይጻፉ። ስኮላርሺፑ አራቱንም ዓመት ይቀጥላል ወይ? ለመቀጠል ስንት ጂፒኤ ይጠይቃል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ።

ገቢያችሁ ቀንሶ ከሆነም ዝም አትበሉ። ፋፍሳ የሚያየው የሁለት ዓመት በፊት ግብር ነው። በመሐል ከሥራ የወጣ፣ የታመመ፣ መኪናው የተሰበረበት ሰው ማስረጃ አያይዞ እንደገና እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። እኛም ጠይቀን 2,000 ዶላር ጨመሩልን። ምስጋና ይግባቸው፤ ግን 40,500 እና 42,500 ለእኛ ቤት አንድ ነበሩ።

የአያት ቤት

ይህ ሁሉ ሲሆን እናቴ ከአዲስ አበባ ደወለች። ጉለሌ ያለውን፣ እኔና ወንድሞቼ ያደግንበትን ቤት ልትሸጥ ደላላ አነጋግራለች። "ልጄ፣ እኔ ይህን ቤት ይዤ አልሄድም። ይሸጥና ልጅቷ ትማርበት። ስሟን የሚያስጠራ ቦታ ገብታ እንዴት ብላ ትቀራለች?" አለችኝ። ባለቤቴም በበኩሉ ሌሊት ጭምር ሊነዳ ወስኖ ነበር። "ስም በር ይከፍታል፤ እኛ ለማን ነው የምንሠራው?" ይላል። ንግግሩ ከንቱ አይደለም። ዋጋው የሚቀራረብ ቢሆን ኖሮ እኔም ያንኑ እል ነበር።

መልስ የሰጠችን ልጅቷ ናት። አባቷን "አባዬ፣ ይህን ብድር እስከ ስንት ዓመትህ ትከፍላለህ?" ብላ ጠየቀችው። ያን ጊዜ 56 ዓመቱ ነበር። አልመለሰላትም። ከዚያ ዝርዝሯ ላይ ከመጀመሪያው በመተማመኛነት የያዝነውን የግዛታችንን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ አመጣች። የትምህርት ክፍያው 13 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ መጽሐፍና መጓጓዣ ሲጨመር 16 ሺህ። ዩኒቨርሲቲው በውጤቷ 5 ሺህ ዶላር ሰጥቷታል። ቤቷ እያደረች ብትማር የሚቀረው 11 ሺህ ነው፤ በአሥር ወር ተከፋፍሎ በወር 1,100። የእኔ ትርፍ ሰዓትና የዕቁባችን ዕጣ ይችሉታል።

እዚያ ገባች። ደስ ብሏት ነው ብዬ አላጌጥም። ለሁለት ሳምንት ያህል ክፍሏን ዘግታ ተቀምጣለች፤ የጓደኞቿን ፎቶ እያየች አልቅሳለች። ዛሬ ባዮሎጂ ትማራለች፤ ከሁለተኛ ዓመቷ ጀምሮ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከመምህሯ ጋር እየሠራች ነው። አባቷ ሌሊት አይነዳም። የእናቴ ቤትም አልተሸጠም።

በዚህ አጋጣሚ ለአያቶች ጥቂት ልበል። ልጅ ልጃችሁን ለመርዳት ቤት መሸጥ የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አማራጭ መሆን የለበትም። አሜሪካ ያላችሁ አያቶች ደግሞ ይህን እወቁ፦ በልጁ በራሱ ስም የተቀመጠ ገንዘብ በፋፍሳ ስሌት በዓመት 20 በመቶው ለትምህርት እንደሚውል ይቆጠራል፤ በወላጅ ስም ያለው ግን ቢበዛ ከ6 በመቶ በታች ነው። አያት በራሳቸው ስም ለልጅ ልጃቸው የከፈቱት የትምህርት ቁጠባ፣ 529 የሚባለው፣ ከ2024–25 ወዲህ በፋፍሳ ላይ ጨርሶ አይጠየቅም።

ከአገር ቤት ንብረት ጋር የተያያዘ ሌላ ነጥብም አለ። ወላጆች የሚኖሩበት ቤት በፋፍሳ አይቆጠርም፤ በወላጆች ስም አዲስ አበባ የሚከራይ ቤት ካለ ግን ውጭ አገር ስለሆነ ብቻ አይቀርም፤ መሞላት አለበት። በአያት ስም ያለ የአያት ነው፤ አይሞላም። እውነቱን መሙላት የሚያስፈራውን ያህል አይጎዳም፤ ከላይ እንዳልኩት የሚታሰበው ጥቂቱ ነው።

መተማመኛው የት ይገኛል?

መልሱ በአብዛኛው የምትኖሩበት ግዛት ውስጥ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለግዛቱ ነዋሪ የሚያስከፍሉት ከሌላ ግዛት ለሚመጣው ከሚያስከፍሉት እጅግ ያንሳል። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ የውጭው ሰው ከሦስት እጥፍ በላይ ይከፍላል። ወገኖቻችን በብዛት ከሚኖሩባቸው ቦታዎች የማውቃቸውን ልጥቀስ።

ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ ኖቫ በሚባለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ተምሮ የተወሰነውን ውጤት ላመጣ ልጅ፣ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የግዛቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ ለመስጠት የገቡት ስምምነት አለ። ከጆርጅ ሜሰን ጋር ደግሞ ገና ከመጀመሪያው የሚያገናኝ አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለው።

ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ፣ ዲሲታግ በሚባለው ፕሮግራም ልጃችሁ በሌሎች ግዛቶች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በነዋሪና በውጭ ሰው ክፍያ መካከል ያለውን ልዩነት እስከተወሰነ መጠን ድረስ ይከፈልለታል። የገቢ ጣሪያና የማመልከቻ ቀን ስላለው ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሚኒሶታ ከ2024 መጸው ጀምሮ የቤተሰብ ገቢያቸው ከ80 ሺህ ዶላር በታች ለሆነ የግዛቱ ተማሪዎች በመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያን የሚሸፍን ፕሮግራም ጀምሯል። ጆርጂያ ከ1993 ጀምሮ በሎተሪ ገቢ የሚደገፍ ሆፕ የሚባል ስኮላርሺፕ አላት፤ መሠረቱ ልጁ በሁለተኛ ደረጃ የሚያመጣው ውጤት ነው። ቴክሳስ ደግሞ ከክፍላቸው የበላይ የሆኑትን ተማሪዎች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ እንዲቀበሉ የሚያዝ ሕግ አላት። ሲያትል፣ ዴንቨርና ላስ ቬጋስ ያላችሁ፣ ምዕራባውያኑ ግዛቶች በጋራ ባቋቋሙት ልውውጥ ጎረቤት ግዛት ሄዶ ከነዋሪው ክፍያ ከአንድ ተኩል እጥፍ ሳይበልጥ መማር የሚቻልባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅና የሰው አፍ

ከሁሉ የሚረክሰው መተማመኛ ቅርባችሁ ያለው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰውን ሁሉ ይቀበላል፤ ልጁ ቤቱ እያደረ ይማራል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሻገራል። ዲግሪው ላይ የሚጻፈው የጨረሰበት ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። እኛ ጋ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በሮክቪል፣ በጀርመንታውንና በታኮማ ፓርክ–ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓሶች አሉት፤ በአዳራሹ ውስጥ አማርኛ መስማት ብርቅ አይደለም።

ችግሩ የሰው አፍ ነው። ከቅዳሴ በኋላ "የት ገባልሽ?" ተብሎ ሲጠየቅ እናት የኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ስም ዝቅ አድርጋ ትናገራለች፤ ልጁ አጠገቧ ቆሞ ይሰማል። ልጁን የሚጎዳው ኮሌጁ ሳይሆን ይህ የእናቱ ድምፅ ነው። የጠየቀው ሰው የወሩን ክፍያ አብሮ እንደማይከፍል እናስታውስ።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ክሬዲቱ የሚሻገረው ታቅዶ ከተወሰደ ብቻ ነው። ልጁ በመጀመሪያው ወር የዝውውር አማካሪ ጋ ሄዶ የሚሻገርበትን ዩኒቨርሲቲና ትምህርት ነግሮ የኮርሶቹን ዝርዝር መቀበል አለበት። ደስ ያለውን ኮርስ ሲወስድ የቆየ ልጅ ሁለቱ ዓመት ሦስትና አራት ይሆንበታል። ወደ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የገቡ ብዙዎች ሳይሻገሩ የሚቀሩትም ሥራው ሰዓታቸውን ስለሚበላባቸው ነው። ቤቱ የሚያድረውን ተማሪ "ታናሽህን አምጣ፣ ሱቁን ጠብቅ" እያልን ጊዜውን እኛው አንውሰድበት።

ከአዲስ አበባ ለሚያመለክቱ

አገር ቤት ሆነው ለአሜሪካ ኮሌጆች የሚያመለክቱ ልጆች ቁጥርም ቀላል አይደለም። ለእነሱ ሒሳቡ ይለያል። ፋፍሳም ፔልም አይመለከታቸውም፤ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ለውጭ ተማሪ በችግር ላይ የተመሠረተ ድጋፍ አይሰጡም። የገንዘብ አቅሙን ሳያይ የውጭ ተማሪን የሚቀበሉና ችግሩን በሙሉ የሚሸፍኑት እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ያሉ ጥቂቶች ናቸው። ሌሎቹ ቪዛ ለመጠየቅ የሚያስፈልገውን ሰነድ ከመስጠታቸው በፊት የአንድ ዓመቱን ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ መኖሩን ማስረጃ ይጠይቃሉ። "አሜሪካ ያለው አጎቱ ይከፍላል" ከተባለ፣ አጎት ቃሉን የሚሰጠው የአራቱን ዓመት ድምር በወረቀት ላይ ካየ በኋላ ይሁን። ለአዲስ አበባ ልጅ እውነተኛው መተማመኛ አገር ውስጥ ነው። የውጭውን እየሞከረም ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከልቡ ይዘጋጅ፤ ፈተናውን እንደ ትርፍ ነገር አይየው።

ከመስከረም እስከ ሜይ

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ይህ ሁሉ ቀድሞ ቢጀመር ይቀላል። የፋፍሳ ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ የግዛትና የኮሌጅ ድጋፎች የየራሳቸው ማብቂያ ቀን ስላላቸው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞላ። ለማመልከቻው የሚጠየቀው ክፍያ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ይነሳል፤ ልጁ የትምህርት ቤቱን አማካሪ ይጠይቅ። "ኧርሊ ዲሲዥን" የሚባለው ማመልከቻ ከተቀበሉኝ እገባለሁ ብሎ መፈረም ነው፤ ዋጋ ማወዳደር ለሚፈልግ ቤተሰብ አይመከርም። ደብዳቤዎቹ ሁሉ ከመጡ በኋላ ብዙ ኮሌጆች የመጨረሻ መልስ የሚጠብቁት ሜይ 1 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ማንም ቢያጣድፍ አትፈርሙ።

ብድር የግድ ከሆነ በልጁ ስም ያለው የፌዴራል ብድር ይቀድማል። አብዛኛው ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 7,500 ዶላር ድረስ መበደር ይችላል፤ ድምሩ 27 ሺህ ነው። ከዚህ የሚያልፍ ብድር ካስፈለገ ኮሌጁ ለቤተሰቡ ከብዷል ማለት ነው። ፓረንት ፕላስም በ2025 በወጣው ሕግ መሠረት ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአንድ ልጅ በዓመት 20 ሺህ፣ በጠቅላላው 65 ሺህ ዶላር ጣሪያ ተበጅቶለታል። "ብድሩ ይሞላልናል" ብሎ ውድ ኮሌጅ መምረጥ ከእንግዲህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ላይ ልጁን መንገድ ላይ ሊያስቀር ይችላል። የጎደለውን ከግል ባንክ መበደር ደግሞ ወለዱም ከፍ ይላል፤ ብዙ ጊዜም ዋስ ይጠይቃል፤ ዋሱ እርስዎ ነዎት።

ከሁሉም በላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። እኛ ሐበሾች ደሞዛችንን ለልጅ መንገር ነውር ይመስለናል። ልጁ አባቱ ስንት እንደሚያገኝ፣ የቤት ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ለአያቱ በየወሩ ስንት እንደሚላክ ሳያውቅ የኮሌጅ ዝርዝር ያወጣል። ከዚያ ሚያዝያ ላይ "አንችልም" ስንለው እንደ ክህደት ይቆጥረዋል። በመስከረም አንድ ማታ አስቀምጡትና "በዓመት ከዚህ በላይ አንችልም፤ ዕዳ የማይገባን ይህ ነው" ብላችሁ ቁጥሩን ንገሩት። ልጆቻችን እዚህ አገር ያደጉ ናቸው፤ ቁጥር ያውቃሉ። ከእኛ ቶሎ አስልተው፣ ማስያውን ከፍተው፣ ሦስት ጉልቻ ያለው ዝርዝር ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ሪቹንም ማቹንም ያለ ሥጋት ያመልክቱ፤ ብንመርቃቸውም ከልባችን ነው። ሁላችንንም የልጆቻችንን ፍሬ ለማየት ያብቃን።